ፊደሉም ይመስክር

የአንድ ሰነድ እውነተኛነት ሲያጠራጥር በቅድሚያ የሚመረመሩት ፊርማና ማኅተም ናቸው። የታተመበትን ፊደል ግን የሚጠይቀው የለም። እኛ ፊደሉም ከምስክሮች ሊቆጠር ይገባዋል እንላለን፤ ፎንት የሚባለው የፊደል ዓይነት ሁሉ የወጣበት ዘመን አለውና።

በጅማ መንገድ ላይ በምትገኘው በአሰንዳቦ «በ1995 ዓ.ም. ተጻፈ» የተባለ የቡና መሬት ውል ለክርክር ቀረበ እንበል። ፊደሉ ኒያላ ከሆነ ነገሩ ያጠያይቃል። በደጋ አጋዘን ስም የተሰየመው ይህ ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የተሠራጨው በ1999 ዓ.ም. ነው። በቁቤ ለተጻፈ ሰነድም ያው ነው፤ ካሊብሪ የተባለው የላቲን ፎንት ለሕዝብ የቀረበው በዚያው ዓመት ነበር።

ይህ ተራ ግምት አይደለም። በፓኪስታን የጠቅላይ ሚኒስትር ናዋዝ ሸሪፍ ቤተሰብ ያቀረበው፣ በ1998 ዓ.ም. እንደተጻፈ የሚገልጽ ሰነድ በካሊብሪ ታትሞ በመገኘቱ በ2009 ዓ.ም. ብርቱ ጥያቄ ተነሥቶበታል።

መለያው ምንድን ነው? አንድን ፊደል፣ ለምሳሌ «ሌ»ን፣ አጉልቶ ከታወቀ ናሙና ጋር ማስተያየት ነው። የኒያላ ጭረት እንደ ብርዕ ጽሕፈት ይወፍራል፣ ይቀጥናል፤ የኖቶ ሳንስ ግን ውፍረቱ እኩል ነው። የእግሮቹ ርዝመትና የኃምሱ ቀለበት ስፋትም ይመዘናሉ። ይሁን እንጂ በተደጋጋሚ ፎቶ ኮፒ ቀለበቱ በቀለም ተደፍኖ «ሌ» «ሊ»ን ሊመስል ስለሚችል፣ መታየት ያለበት ዋናው ቅጂ ነው።

ፊደል ብቻውን ግን አይፈርድም። አሮጌ ውል በቅን ልቦና እንደገና ተተይቦ ሊሆን ይችላል። በፓኪስታኑ ጉዳይም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ልጅ ላይ የተላለፈው ፍርድ በ2015 ዓ.ም. በይግባኝ ተሽሯል። ፊደል የሚነግረን ወረቀቱ ከመቼ ወዲህ እንደታተመ እንጂ ማን እንዳጭበረበረ አይደለም።

ስለዚህ የሳይንስ ፋኩልቲዎች የግዕዝ ፎንቶችን ናሙና ከወጡበት ዓመት ጋር አሰባስበው ለፍርድ ቤቶችና ለመዛግብት ክፍሎች ቢያቀርቡ መልካም ነው። ሥራው ውድ መሣሪያ አይሻም፤ አጉሊ መነጽርና ትዕግሥት ይበቁታል። መሬቱን በአንዲት ወረቀት ምክንያት ሊያጣ ለሚችል ገበሬ ግን ጥቅሙ ከፍ ያለ ነው።