ሆስፒታል ውስጥ የተያዘ በሽታ ይቆጠር

እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ሜሪላንድ በሚገኘው የብሔራዊ ጤና ተቋማት ሆስፒታል መድኃኒት የማይበግረው ክሌብሲየላ የተባለ ባክቴሪያ 18 ሕሙማንን ያዘ። 11ዱ ሞቱ፤ ከእነዚህ የስድስቱ ሞት ምክንያት ባክቴሪያው ራሱ መሆኑ ተረጋገጠ። ይዛው የመጣችው ታካሚ ከሌሎች ተለይታ ነበር የታከመችው። ቢሆንም ባክቴሪያው በእጅ መታጠቢያ የፍሳሽ ቱቦና በኬሚካል በጸዳ የመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ሳይቀር ተገኘ። ሆስፒታሉ ግድግዳ አቆመ፣ ቧንቧ ነቀለ፣ እጅ መታጠብን የሚከታተሉ ሰዎች መደበ። ሕዝቡ ግን ጉዳዩን የሰማው ከዓመት በኋላ ነው። ለዚህም ሆስፒታሉ ክፉኛ ተወቅሷል።

ያ ሁሉ ገንዘብና ላቦራቶሪ ያለው ተቋም እንዲህ ከተፈተነ፣ ውሃ በፈረቃ የሚያገኙት የእኛ ሆስፒታሎች ከአደጋው ነፃ ናቸው የሚል ካለ ራሱን ያታልላል። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ለአጣዳፊ ሕክምና ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ታካሚዎች 15ቱ ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን እዚያው ይይዛቸዋል። ክሌብሲየላ በአፍሪካ የጨቅላ ሕፃናት ሙቀት ክፍሎች ውስጥ ከዋነኞቹ የጨቅላ ገዳዮች አንዱ ነው። እኛ ዘንድ ጨቅላው ሲሞት ካርዱ ላይ «ሴፕሲስ» (የደም መመረዝ) ተብሎ ይጻፋል። የደም ካልቸር የሚሠራ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አሳድጎ የሚለይ ላቦራቶሪ በሌለበት፣ በሽታው ከእናቱ ይምጣ፣ ከሌላ ሕፃን ጋር ከተጋራው አልጋ ይምጣ፣ የሚለይ የለም።

እስካሁን ጣት የሚቀሰረው በነርሷና በጽዳት ሠራተኛዋ ላይ ነው። ውሃ በማይወርድበት ቧንቧ ላይ «እጃችሁን ታጠቡ» የሚል ወረቀት መለጠፍ ግን ሹፈት ነው።

ይህ ጋዜጣ በዋናነት የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ጤና ሚኒስቴር እያንዳንዱ ሪፈራል ሆስፒታል በሙቀት ክፍልና በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚያገኘውን ኢንፌክሽን በየወሩ እንዲያሳውቅ ያስገድድ፤ ቁጥሩንም ለሕዝብ ይፋ ያድርግ። ያሳወቀ ሆስፒታል አይቀጣ፤ የደበቀ ይጠየቅ።

እናቶች ፈርተው ወደ ቤት መውለድ ይመለሳሉ የሚለውን ስጋት አናጣጥለውም፤ እናቶች በጤና ተቋም እንዲወልዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለዓመታት በየደጁ ለፍተዋል። ነገር ግን ወሬው በየወረፋው አስቀድሞ ይናፈሳል፤ የጎደለው ከወሬው ጎን የሚቆም ቁጥርና የተወሰደው እርምጃ ነው። ቆጠራው ደግሞ ያለ ላቦራቶሪ አይሆንም። ስለዚህ በቀጣዩ በጀት ዓመት ከአዳዲስ ሕንፃዎች በፊት ለካልቸር ላቦራቶሪና ለማይቋረጥ ውሃ ገንዘብ ይመደብ፤ ሥራውም ከሙቀት ክፍሎች ይጀመር።