ሟቹን ደላላ አታድርጉት

ባለፈው ዓመት የወጣቶች ጉባኤያችን ላይ መቶ ሃያ ቲሸርት አሳትመን ሸጥን። ደረቱ ላይ ያለው ፎቶ ሁላችንም የምንወደው፣ ወደ ጌታ ከሄደ ብዙም ያልቆየ ዘማሪ ነበር። ትርፉ ለገጠር ወንጌል ሥራ እንደሚውል በማይክራፎን አስነገርን፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ አለቀ። ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ መጣች። የባሏን ፊት ለብሰው የሚገቡ የሚወጡትን ልጆች በሩ ላይ ቆማ ስታይ ቆየችና ወደ እኔ ቀረብ ብላ፣ «መምህር፣ ማን ፈቀደላችሁ?» አለችኝ። «እህቴ፣ ለጌታ ሥራ ነው እኮ» አልኳት። ምንም አልመለሰችም። እኔ ግን ያን መልሴን እስከ ዛሬ አልወደድኩትም።

እናንተም በልባችሁ «ታዲያ ምን ክፋት አለው?» ትሉ ይሆናል። ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ ቲሸርቱን ገዝታችኋል። ስለዚህ ከራሳችን ትንሽ ራቅ ብለን፣ ይኸው ጥያቄ ፍርድ ቤት ከደረሰበት አገር እንጀምር።

እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት አንድ ነጋዴ የማርቲን ሉተር ኪንግን ከደረት በላይ የሚያሳይ የፕላስቲክ ምስል እያሠራ በ29 ዶላር ከ95 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። አስቀድሞ የኪንግን ማዕከል እንዲተባበረው ጠይቆ እምቢ ተብሏል። እርሱ ግን ከሽያጩ 3 በመቶውን ለማዕከሉ እንደሚያስቀምጥ እያስታወቀ ሥራውን ቀጠለ። የእኛን «ለገጠር ወንጌል ሥራ» አስታወሳችሁ? እኔ ስለዚህ ሰው ባነበብኩ ጊዜ የታየኝ የራሴ ማይክራፎን ነው። ማዕከሉና ባለቤቱ ኮሬታ ኪንግ ከሰሱት። በ1982 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የታዋቂ ሰው ስምና ምስል የንግድ መብት ከሞቱ በኋላም እንደማይጠፋና ለወራሾች እንደሚተላለፍ ወሰነ። ኪንግ በሕይወቱ ስሙን ሸጦ አያውቅም የሚለውም ክርክር አልተቀበለለትም፤ በሕይወት ሳለ ስሙን ያልሸጠ ሰው ከሸጠው ሰው ያነሰ ጥበቃ ሊያገኝ አይገባም ተባለ።

ይህን ፍርድ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። የሞተ ሰው እምቢ ማለት አይችልምና በእርሱ ፈንታ እምቢ የሚል ሰው ያስፈልጋል።

እምቢ ለማለት የተሰጠ መብት ግን እሺ ብሎ ለመሸጥም ያገለግላል። ጭቅጭቄ እዚህ ላይ ነው።

ኪንግ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1968 አትላንታ በሚገኘው በአቤኔዘር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰበከ። ምንባቡ ማርቆስ ምዕራፍ 10፣ የዘብዴዎስ ልጆች በጌታ ቀኝና ግራ ለመቀመጥ የለመኑበት ክፍል ነው። ስብከቱ ከሰው ሁሉ ፊት የመሆን ምኞታችንን ይገልጣል፤ በዚያው መካከል የማስታወቂያ ሰዎች ያንን ምኞት እየነካኩ ዕቃ እንደሚያስገዙን፣ ሰዎችም ከገቢያቸው በላይ የሆነ መኪና እንደሚገዙ ይናገራል። በመጨረሻም ቀብሩ ላይ ስለ ኖቤል ሽልማቱ እንዳይነሳ ይለምናል። ልክ በሁለት ወሩ ተገደለ። በቀብሩም ዕለት ይኸው ስብከት ከቴፕ ተሰማ።

ከሃምሳ ዓመት በኋላ በዚያው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2018፣ በሱፐር ቦል ጨዋታ መካከል ይህ ድምፅ እንደገና ተሰማ። የተሰማው የራም ፒካፕ መኪና ማስታወቂያ ውስጥ ነበር። ማን ፈቀደ? የኪንግን የውርስ ሀብት የሚያስተዳድረው ድርጅት። የኪንግ ማዕከል ግን የፈቀድነው እኛ አይደለንም ብሎ በይፋ አስታወቀ። አስቡት፤ ሰውየው መኪና በማስታወቂያ ተታልላችሁ አትግዙ ሲል የሰበከውን ስብከት ቆርጠው መኪና ሸጡበት! በሕግ በኩል ግን ሁሉ ነገር የተሟላ ነበር።

ሌላም አለ። ዋሽንግተን በ2011 ለሕዝብ የተከፈተውን የኪንግ መታሰቢያ ያሠራው ድርጅት፣ ቃሉንና ምስሉን ለመጠቀም ለቤተሰቡ ድርጅት ወደ 800 ሺህ ዶላር ከፍሏል። በ2014 ደግሞ ሁለቱ ወንዶች ልጆች የአባታቸው የኖቤል ሜዳሊያና መጽሐፍ ቅዱሱ እንዲሸጥ ድምፅ ሰጡ፤ እህታቸው አሻፈረኝ አለች፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በስምምነት የተዘጋው በ2016 ነው።

በእነዚህ ልጆች ላይ ድንጋይ እንድታነሱ አይደለም የምጽፈው። አባታቸው የኖቤሉን ገንዘብ ለትግሉ ሰጥቶ፣ ኑዛዜ እንኳ ሳይጽፍ ነው የሞተው። ኮሬታ አራት ልጆች ይዛ ቀረች። «የሟች ቤተሰብ ምን ይብላ?» የሚለው ጥያቄ የእውነት ጥያቄ ነው፤ በዚህ ጉዳይ የሚከራከሩኝ ሁሉ የሚያነሱትም እርሱን ነው። መልሴ ይህ ነው፤ ከሠራው ሥራ ይብሉ። መዝሙሩ፣ መጽሐፉ፣ የታተመው ስብከቱ የድካሙ ፍሬ ነው። በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ለወራሾች ከደራሲው ሞት በኋላ 50 ዓመት ይሰጣል። ስብከቱን አሳትሞ መሸጥ ያባቱን እርሻ አርሶ እንደመብላት ነው። ሰባኪውን የፒካፕ ደላላ ማድረግ ግን እርሻ አይደለም፤ ሰውየው በሕይወት ቢኖር ይናገር ያልነበረውን በአፉ ማስገባት ነው።

ስም እንደ ከብት የሚሸጥና የሚለወጥ ንብረት ከሆነ ወዴት እንደሚሄድ ማሪሊን ሞንሮን ተመልከቱ። በ1962 ስትሞት አብዛኛውን ሀብቷን ለትወና አስተማሪዋ ተናዘዘች። እርሱ ሲሞት ሁሉ ነገር ለሚስቱ አለፈ፤ እርሷም ማሪሊን ከሞተች በኋላ ያገባት ሴት ናት። በ2011 ደግሞ የንግድ ምልክቶችን የሚገዛ ኩባንያ ወሰደው። በ2012 ግን ፍርድ ቤት ሌላ ነገር አለ፤ የውርሱ አስተዳዳሪዎች የካሊፎርኒያን ግብር ለማምለጥ መደበኛ መኖሪያዋ ኒው ዮርክ ነበር ሲሉ ኖረዋልና፣ ኒው ዮርክ ደግሞ ያን ጊዜ ለሟች እንዲህ ያለ መብት አልነበረውምና፣ በምስሏ ላይ የምትጠይቁት መብት የለም አላቸው። (እንደየግዛቱ ይለያያል፦ ኢንዲያና 100 ዓመት፣ ካሊፎርኒያ 70፣ ኒው ዮርክም በ2020 ሕግ አውጥቶ 40። አሜሪካዊ ታዋቂ ሰው የሚሞትበትን ቦታ መርጦ ቢሞት ይሻለዋል።)

ወደ ቤታችን እንመለስ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ እንዳይታይና እንዳይሸጥ ይከለክላል። በቁጥር 30 ደግሞ ሰውየው ከሞተ፣ የምስሉ መታየት ወይም መሸጥ ክብሩን ወይም መልካም ስሙን የሚነካ ሲሆን፣ የማስቆም መብቱ ለቅርብ ዘመዶቹ ያልፋል ይላል። እዩ፤ ሕጋችን ለቤተሰብ የሚሰጠው ዘብነት ነው። ይህ መንፈሱ ከአሜሪካው ይበልጥብኛል። ነገር ግን ጎዶሎ ነው። የእኛ ቲሸርት የዘማሪውን ክብር ነክቷል ማለት ያስቸግራል፤ ፎቶው ያማረ ነበር፣ ሕዝቡም በፍቅር ነው የገዛው። ስለዚህ ያቺ እህት በዚህ ቁጥር ብትከሰን ምናልባት ባልተሳካላት ነበር።

እኔ የምለው እንዲህ ነው፤ ሟቹን ለንግድ ለመጠቀም የሚፈልግ ሁሉ፣ በጎ አድራጊም ይሁን ቤተ ክርስቲያን፣ አስቀድሞ ባለቤቱን ወይም ልጆቹን ይጠይቅ፤ ክብሩ ተነክቷል አልተነካም የሚለው ክርክር ይቅር። ይህ መብት ግን ለኩባንያ የማይሸጥ፣ ባለቤቱና ልጆቹ ሲያልፉ አብሮ የሚያልፍ ይሁን። ቤተሰብም ቢሆን ሟቹን የዕቃ አሻሻጭ ለማድረግ አይፍቀድ። ታሪኩን መጻፍ፣ ማስተማር፣ መተቸት ደግሞ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅ፤ አለበለዚያ እኔም ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ አትላንታ ድረስ ደብዳቤ መላክ ሊኖርብኝ ነው።

የቲሸርቱን ትርፍ ሂሳብ ያዣችን በፖስታ አድርጎ ወስዶላት ነበር። አልተቀበለችም። ለትንሹ ልጇ የሚሆን አንድ ቲሸርት ተርፎ እንደሆነ ግን ጠየቀች፤ አልተረፈም ነበር፤ እኔ የገዛሁትን ሰጠኋት። ኮሚቴያችን አሁን የማንንም ሟች ፎቶ ያለ ቤተሰቡ የጽሑፍ ፈቃድ ላለማሳተም ወስኗል። ሁለት አባላት ተቃውመዋል፤ አገልግሎት ታደናቅፋላችሁ ይላሉ። ክርክራቸውን በሚቀጥለው ቅጽ እንዲጽፉት ይህን ገጽ ለቅቄላቸዋለሁ።