ሰርገኛው ሳይመጣ

በሥነ ጽሑፍ ወዳጆች መካከል ስለ ሰርቨር ማውራት እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ሆኖም ግጥሞቻችንና ወጎቻችን በማሽን ላይ ማደር ከጀመሩ ቆይተዋልና፣ ማደሪያቸው ምን ያህል ይስፋ የሚለው ጥያቄ የእኛም ነው። የሥነ ጽሑፍ ድረ ገጽ ለመክፈት ገንዘብ ያዋጡ ወዳጆቼ ሰሞኑን የሚከራከሩት በዚሁ ነው። «10,000 ተመዝጋቢ እንጠብቃለን፤ ስለዚህ መዋጮው ሁሉ ትልቁን ማሽን ይግዛ» ይላሉ ገሚሶቹ። እኔ ግን መዋጮው ሁሉ ለብረት መዋል የለበትም ባይ ነኝ።

ውሎዬ ከባንክ መስኮት ጀርባ ስለሆነ ስለ ሰልፍ ጥቂት አውቃለሁ። የመስኮቶች ቁጥር የሚወሰነው ደብተር ባወጣው ደንበኛ ብዛት አይደለም፤ በደመወዝ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ በሚመጣው ሰው ነው። የሰርቨርም ነገር እንዲሁ ነው። መጠየቅ ያለበት «ስንት ሰው ተመዘገበ?» ተብሎ ሳይሆን፣ «በተጨናነቀችው ሰዓት በሰከንድ ስንት ገጽ ይከፈታል?» ተብሎ ነው። ለእኛ ያቺ ሰዓት የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ልትሆን ትችላለች።

እስቲ እናስላ። 6,000 ሰዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ ገብተው እያንዳንዳቸው 6 ገጽ ቢከፍቱ 36,000 ገጽ ይሆናል፤ ይኸውም በሰከንድ 10 ገጽ ነው። ለድንገተኛ ግርግር አራት እጥፍ እናድርገው፤ 40። አንዱን ገጽ ለማዘጋጀት ፕሮሰሰሩ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ቢፈጅበት፣ 40ው ገጽ አራት ኮሮችን ያለ ፋታ ያሠራል። ያለ ፋታ መሥራት ደግሞ አደጋ ነው። ዴንማርካዊው አግነር ኤርላንግ ስለ ቴሌፎን ጥሪዎች እ.ኤ.አ. በ1909 የጀመረው የሰልፍ ሒሳብ እንደሚያሳየን፣ ደንበኞች በዘፈቀደ በሚመጡበት አንድ መስኮት ሠራተኛው 80 በመቶ ጊዜው ከተያዘ ደንበኛው ጉዳዩ ከሚጠይቀው ጊዜ አምስት እጥፍ ይቆያል፤ 90 በመቶ ሲደርስ አሥር እጥፍ። ስለዚህ ወዳጆቼ ስምንት ኮር ቢጠይቁ አልፈርድባቸውም።

ነገር ግን ከመግዛት በፊት ሌላ መንገድ አለ። በዋዜማው ምሽት አብዛኛው አንባቢ የሚከፍተው እነዚያኑ ጥቂት ግጥሞች ነው። አንድ ጊዜ የተዘጋጀውን ገጽ ይዞ ለሚቀጥለው ጠያቂ እንዳለ ማቀበል ይቻላል፤ ባለሙያዎች ካሽ ይሉታል። ከአሥሩ ጠያቂ ዘጠኙ በዚህ ቢስተናገድ፣ ማሽኑ አዲስ የሚያዘጋጀው በሰከንድ 4 ገጽ ብቻ ነው፤ ሁለት ኮር ይበቃዋል። የብዙ ሰዎች ማስታወሻ ያደረበትን ላይቭጆርናልን የመሠረተው ብራድ ፊትዝፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜምካሽድን የሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ ሥራ ፈቶ የተቀመጠውን የማሽኖቹን ሜሞሪ ለዚህ አዋለው።

ሜሞሪውስ ይበቃል ወይ? ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ አንድ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል። 1,000 ፊደል ያለው ግጥም 3,000 ባይት ገደማ ነው፤ እንዲህ ያሉ 10,000 ግጥሞች 30 ሜጋባይት እንኳ ብዙም አያልፉም። ቦታ የሚበሉት ፎቶግራፎቹ እንጂ ስንኞቹ አይደሉም።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ድሩፓልም ሆነ ዎርድፕረስ የተዘጋጀ ገጽ ያለ ችግር የሚያቀብሉት በይለፍ ቃል ላልገባ አንባቢ ነው፤ በስሙ ለገባው ግን ገጹ ቢያንስ በከፊል እንደ አዲስ ይሰናዳለታል። «ለማንበብ ይመዝገቡ» የምንል ከሆነ እያንዳንዱ አንባቢ ሸክም ይሆንብናል። በሩን ከፍተን መመዝገብን ለሚጽፍ ብቻ ብናደርገው ግን ማሽኑም ይቀለዋል፤ ግጥሙም ሰፊ አንባቢ ያገኛል። ለጋስነትና ቁጠባ እንዲህ ሲገጥሙ ብዙ ጊዜ አይታይም።

«በዋዜማው ቢወድቅብንስ?» የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ የማይከፈት ግጥም ያልተጻፈ ያህል ነውና። መልሱ ግን ቀድሞ መፈተን ነው። መካከለኛ ሰርቨር እንከራይ፤ ከበዓሉ ሳምንታት በፊት በሰከንድ 40 ጥያቄ ልከን እንየው፤ ከከበደው ያኔ እናሳድገው። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንዳይሆንብን መለካት እንጂ ሁሉን አስቀድሞ መግዛት ግዴታ አይደለም።

የሚተርፈው ገንዘብ ለአራሚና ለጽሑፍ ለቃሚ ይሁን። ሰፊ አዳራሽ ሠርቶ ለእንግዳ የሚቀርብ ማጣት ከሰልፉ የባሰ ያሳፍራል።