ጥርስ ለቀማ

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖሩ ወገኖቻችን የዕረፍት ቀን ሲያገኙ ብዙውን ጊዜ የሚሄዱት ወደ ሠርግ፥ ወደ ክርስትና፥ ወደ ለቅሶ ወይም ወደ ገበያ ነው። ይህ አይነቀፍም፤ ሰው ያለ ወገን አይኖርምና። ነገር ግን ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ወደ ሥራ ሲሮጥ የሰነበተ አባት በእነዚህ ስፍራዎች ከእንግዶች ጋራ ይጫወታል እንጂ ከልጆቹ ጋራ አይጫወትም። ስለዚህ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደዚያ ለሄዱ፥ ወይም ዘመድ ላላቸው አንባቢዎቻችን፥ ወጪዋ ጥቂት ትምህርቷ ብዙ የሆነች የአንድ ቀን ጉዞ እናመለክታለን።

ስፍራው በሜሪላንድ ግዛት፥ በቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚገኘው የካልቨርት ገደል ነው። መኪና እስከ ባሕሩ አያደርስም። ከማቆሚያው እስከ ዳርቻው 2.9 ኪሎ ሜትር ያህል በደን ውስጥ፥ በጅረትና በረግረግ አጠገብ በእግር ይኬዳል፤ መመለሻውም ያው ነው። ትንሽ ልጅ ያለው ሰው ማታ በትከሻው ተሸክሞት እንደሚመለስ አስቀድሞ ይወቀው።

ካፒቴን ጆን ስሚዝ የተባለው እንግሊዛዊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1608 ዓ.ም. ይህን ገደል አይቶ በካርታው አስፍሮታል። ገደሉ ግን ከ10 እስከ 20 ሚሊዮን ዓመት በፊት የባሕር ወለል ነበር። የእኛ ድንቅነሽ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ምን ያህል ጥንታዊ እንደ ሆነ ይገባዋል። ከዚህ ገደል ከ600 የሚበልጡ የቅሪተ አካል ዓይነቶች ተለይተዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚገኘው የሻርክ ጥርስ ነው። የሻርክን አካል የሚያቆመው እንደ ጆሯችን ጫፍ የሚተጣጠፍ ነገር ስለ ሆነ ሲሞት ይበሰብሳል፤ ጥርሱ ግን ይቀራል። በአገራችን የወተት ጥርሱ የወለቀ ልጅ ጥርሱን ጣራ ላይ ጥሎ ሌላ ይጠብቃል፤ ሻርክ ደግሞ በዕድሜው በሺህ የሚቆጠር ጥርስ እየጣለ ሌላ ያበቅላል። ሜጋሎዶን የተባለው ግዙፍ ሻርክ ጥርሱ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚደርስበት ጊዜ አለ። አብዛኛው ለቃሚ የሚያገኘው ግን ከጥፍር የማይበልጥ፥ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ባለ ሦስት ማዕዘን ነው። ከቤት ወንፊት ይዞ መሄድና ባሕሩ ሲሸሽ በውሃው ጠርዝ ላይ አሸዋውን እያጠቡ ቀስ ብሎ መፈለግ ይበጃል። የቸኮለ ዓይን ጠጠር ብቻ ያያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ልጅ ሁለት ሦስት ትናንሽ ጥርሶች ካገኘ በኋላ ወደ ገደሉ ሥር እየጠቆመ፥ «አባባ፥ ትልቁ እዚያ ነው!» ማለቱ አይቀርም። ከገደሉ ሥር መሄድም ሆነ ገደሉን መቈፈር ክልክል ነው። ይሁን እንጂ «ክልክል ነው» ብሎ እጁን መጐተት ብቻ አይበቃም። ጥርሱን የሚሰጠን ገደሉ ስለሚናድ ነው፤ ያው ናዳ ሰው ሥሩ ቆሞ ሳለ ቢመጣ ይቀብረዋል። ማዕበሉ የወደቀውን አፈር አጥቦ ጥርሱን ወደ እኛ ያመጣልናል፤ የእኛ ድርሻ ባሕሩ እስኪሰጥ መጠበቅ ነው። ይህን ምክንያት የተረዳ ልጅ አባቱ በሌለበትም ቀን ከገደል ይርቃል።

ልጁ በእንግሊዝኛ ቢጠይቅ አባት በአማርኛ ይመልስለት። ጥርስ፥ ገደል፥ ናዳ፥ ማዕበል፥ ረግረግ፥ ወንፊት የሚሉትን ቃላት በእጁ እየዳሰሰና በእግሩ እየረገጠ የተማረ ልጅ በቀላሉ አይረሳቸውም። አባት የማያውቀው ነገር ቢያጋጥመው፥ በአቅራቢያው በሰለሞንስ ከተማ ያለው የካልቨርት የባሕር ሙዚየም የአካባቢውን ቅሪተ አካል ያሳያልና፥ አብረው ሄደው ይመልከቱ። ያ ቀን ምንም ጥርስ ባይገኝበት እንኳ፥ አባትና ልጅ ደርሶ መልሱን ወደ ስድስት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ እየተነጋገሩ ሄደዋልና ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም።