ስንቱ ጸደቀ?

የተማሪዎች ማኅበራችን በየዓመቱ ለክረምቱ የችግኝ ገንዘብ ያሰባስባል። ቅጹ በቴሌግራም ይላካል፣ እያንዳንዱ አባል የቻለውን ያዋጣል፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ ለእረፍት አገር ቤት የገቡ ልጆች ጭቃ የነካ እጃቸውን እያሳዩ የተነሡት ፎቶ ይደርሰናል። የዘንድሮው ቅጽ በቅርቡ ይላካል። ከመላኩ በፊት አንድ ጥያቄ ላንሣ፦ አምና ከተከልነው ስንቱ ጸደቀ? ካቻምና ከተከልነውስ? የጠየቅኳቸው አባላት ሁሉ የተተከለውን ቁጥር ያውቃሉ፤ የጸደቀውን የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የምናዋጣው ገንዘብ ለመትከያው ቀን ብቻ መዋሉ ይቅር፤ ችግኙን ቀንሰን፣ የተከልነውን ለሦስት ዓመት እናሳድግበት።

እንደ ብዙዎቻችሁ እኔም እዚህ አድጌ አማርኛን የተማርኩት ቤት ውስጥ ነው። «ጻድቅ» ማለት ደግ፣ ቅዱስ ሰው መሆኑን ከልጅነቴ አውቃለሁ። ችግኝም «ይጸድቃል» ሲባል የሰማሁት ከአያቴ ነው። በስልክ ስናወራ ስለ ጓሮዋ ከጠየቅኳት «ተክዬዋለሁ፣ ገና አልጸደቀም» ትለኛለች። ለእሷ የተተከለ ነገር ሥር ሰዶ፣ አዲስ ቅጠል አውጥቶ፣ በጋውን እስኪሻገር ድረስ ዛፍ አይባልም። የደን ባለሙያዎችም በሪፖርታቸው «የጽድቀት መጠን» ይላሉ። ቋንቋችን መትከልንና መጽደቅን ለያይቶ አስቀምጦልናል፤ እኛ ግን የምንቆጥረው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ችግኝ ለምን ይሞታል? ችግኝ ጣቢያ እያለ ጥላ አለው፣ በየቀኑ ውኃ ይጠጣል፣ አረሙ ይነቀልለታል። ሥሩ ያደገው በአንዲት ጠባብ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ነው። ከዚያ ወጥቶ ሜዳ ላይ ሲተከል ቅጠሉ እንደ ድሮው ውኃ ያባክናል፤ ሥሩ ግን ገና ጥልቅ አፈር አልደረሰም። ፕላስቲኩ ሳይወልቅ የተተከለ እንደሆነ ሥሩ እዚያው እንደተጠቀለለ ይቀራል። ጉድጓዱ ጠባብ ከሆነ ወይም ግንዱ ከልክ በላይ ከተቀበረም ዕድሉ ይጠብባል። ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ዋናው ፈተና ገና ነው። በደጋው አገር ዝናቡ ሰኔ ገብቶ መስከረም ላይ ይወጣል። ከጥቅምት ጀምሮ አፈሩ መድረቅ ይጀምራል። እህሉ ከታጨደ በኋላ ደግሞ ከብቱና ፍየሉ በየማሳው ይለቀቃል፤ በደረቅ ሜዳ ላይ ያለችው አንዲት አረንጓዴ ነገር ችግኟ ናት። ምስጡም፣ አረሙም አለ።

አሁን ይህንን የቀን መቁጠሪያ ከእኛ ጋር አስተያዩት። የኮሌጅ እረፍታችን የሚውለው ክረምት ላይ፣ ችግኙ ሰማይ በሚያጠጣው ጊዜ ነው። ነሐሴ ላይ ሻንጣችንን ይዘን እንመለሳለን። እኛ ለአጋማሽ ፈተና ስናጠና ችግኙም ፈተናው ይጀምራል፤ ያኔ አጠገቡ የሚገኝ አባል የለም።

የነርስ ተማሪ ስለሆንኩ ነገሩን በሙያዬ ሳላየው አላልፍም። ገና በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚነገረን አንድ ነገር አለ፦ በሽተኛው ወደ ቤቱ የሚወጣበት ዕቅድ የሚጀመረው በገባበት ቀን ነው። ቁስሉን ማን ያጥብለታል? መድኃኒቱን በሰዓቱ ማን ያስታውሰዋል? እዚህ አሜሪካ ሜዲኬር ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በተወሰኑ ሕመሞች ታክመው በ30 ቀን ውስጥ ተመልሰው የሚተኙ ሰዎች ከሚጠበቀው በላይ የበዙበትን ሆስፒታል ክፍያ ይቀንሳል። ሆስፒታሉ «ቀዶ ጥገናውን በደንብ ሠርቻለሁ» ቢል አይበቃውም፤ ሰውየው ቤቱ ከገባ በኋላ ያለውም ይታይበታል። የእኛ የችግኝ ገንዘብ ግን በሽተኛውን በር ላይ አድርሶ፣ ፎቶ አንሥቶ የሚመለስ ሆስፒታል ይመስለኛል።

ወጣት ዛፍ ምን ያህል እንክብካቤ እንደሚፈልግ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዋሽንግተን ዲሲ ጎዳናዎች የምትመላለሱ፣ ግንዱ ላይ አረንጓዴ የፕላስቲክ ከረጢት የታሰረበት ቀጭን ዛፍ ሳታዩ አትቀሩም። ከረጢቱ ውኃ ይሞላና ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ለሰዓታት ቀስ እያለ ይንጠባጠባል። በከተማዋ ዛፍ የሚተክለው ኬሲ ትሪስ የተባለ ድርጅት፣ ዝናብ በማይበቃበት ሳምንት ለአንድ ወጣት ዛፍ 25 ጋሎን ውኃ እንዲሰጥ ይመክራል። ይህ 95 ሊትር ገደማ ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ወደ አምስት የሚጠጋ። እርግጥ የከተማው ዛፍ ትልቅ ሆኖ ስለሚተከል ከገጠሩ ችግኝ ይልቅ ብዙ ይጠጣል። ቢሆንም እስቲ ከዚህ ሩቡን እንኳ ውሰዱና በሺህ ችግኝ አባዙት። ያንን ጀሪካን ከወንዝ ወደ ኮረብታው ማን ይሸከማል? የገጠሩን ኑሮ የምታውቁ መልሱ አይጠፋችሁም፦ እናቶችና ልጃገረዶች፣ ያለ ክፍያ። እኛ ብዙ በተከልን ቁጥር ሸክም የምናበዛው በእነሱ ጀርባ ላይ ነው።

ለተተከለ ሳይሆን ለጸደቀ መክፈል አዲስ ነገርም አይደለም። በጎረቤት ኬንያ ዋንጋሪ ማታይ በ1977 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት የግሪን ቤልት ንቅናቄ፣ ችግኝ ለሚያሳድጉ ሴቶች ለእያንዳንዱ ለጸደቀ ችግኝ ትንሽ ገንዘብ ይከፍል ነበር። በአገራችንም ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ባሉ ደኖች ያካሄዱት ጥናት፣ ከብት እንዳይገባ ሲደረግ ችግኞች በተሻለ ሁኔታ እንደሚያድጉ አሳይቷል። በበርካታ ቦታዎችም በደኑ ዙሪያ የድንጋይ አጥር ተሠርቷል። አጥር ለፎቶ አያምርም፤ ደኑን ግን ያኖራል።

የዛፉ ዓይነትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ አገሩን ያለበሰው ቶሎ ስለሚያድግ፣ ሲቆረጥም ስለሚያቆጠቁጥ፣ ከብትም ቅጠሉን ስለማይወድ ጭምር ነው። ወይራ፣ የሐበሻ ጥድ፣ ዝግባ ግን ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት። ሁሉንም ደባልቀን ተክለን ዘወር ካልን በቀላሉ የሚተርፈው ባሕር ዛፉ ነው። አገር በቀል ዛፍ እንፈልጋለን ካልን፣ ጠባቂም እንፈልጋለን ማለታችን ነው።

የሚቃወሙኝ ጓደኞቼ ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛው፣ «ቁጥሩ ከቀነሰ ሰው አያዋጣም» ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ካስታወቀ ወዲህ ትልቅ ቁጥር ለምደናል፤ ስለዚህ ሦስት መቶ ስንል ትንሽ ይመስላል። ዘመቻውን መደገፍም ሆነ መንቀፍ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። መንግሥት የራሱ አቅም አለው፣ የእኛ ማኅበር ደግሞ የራሱ። በእኛ አቅም ሦስት መቶ ዛፍ ማቆም ትልቅ ሥራ ነው።

ሁለተኛው፣ «ከዚህ ሆነን የጸደቀውን ማን ይቆጥርልናል? የተጋነነ ቁጥር ቢላክልንስ?» የሚል ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ዛሬስ ምን እያረጋገጥን ነው? ሦስት መቶ ችግኝ በአንድ ከሰዓት በስልክ ቪዲዮ ሊቆጠር ይችላል፤ አሥር ሺህ ግን አይቆጠርም። ማነሱ ለመቆጣጠርም ያመቻል።

ለጠቅላላ ጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ሦስት ነጥብ አለው። አንደኛ፣ የምንተክለውን በአካባቢው ያሉ ሰዎች መንከባከብ እንችላለን ባሉት ልክ እንወስን፤ ቁጥሩን ከዚህ አንላክላቸው። ሁለተኛ፣ ገንዘቡን በአንዴ ሳይሆን ከፋፍለን እንላክ፦ ከፊሉ ለተከላው፣ ከፊሉ ጥር ላይ ውኃ ለሚያጠጡና ለሚጠብቁ ሰዎች ደመወዝ፣ የቀረው በሚቀጥለው ክረምት ለአረምና የሞተውን ለመተካት። እስከ ሦስተኛው ዓመትም እንዲሁ እንቀጥል። ሦስተኛ፣ በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ በጋው ሲያልቅ፣ የጸደቀውና የሞተው ቁጥር በዚህ መጽሔት ይውጣ። ግማሹ ሞቶ ቢሆን እንኳ ይውጣ፤ የገደለው ፍየል ይሁን ድርቅ ካወቅን ለሚቀጥለው ዓመት አጥር ወይም ውኃ ለማለት ያስችለናል።

ከእኛ በፊት ተመርቃችሁ ሥራ ለያዛችሁ ወንድሞችና እህቶችም አንድ ልመና አለኝ። ማኅበሩ ሲጠይቃችሁ ሳትሰስቱ ትሰጣላችሁ፣ እግዜር ይስጥልን። ዘንድሮ ስትሰጡ «ስንት ችግኝ ተተከለ?» ብላችሁ አትጠይቁን። ግንቦት ላይ ደውሉና ስንቱ እንደጸደቀ ጠይቁን። ጠያቂ እንዳለን ካወቅን ተግተን እንቆጥራለን።