ዋንጫው መጣ፣ ሜዳው ግን የታለ?

የ2011 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ የመጨረሻ ቀን ለአፄዎቹ ደጋፊ የሚረሳ አይደለም። ፋሲል ከነማ ሊጉን እየመራ ሄዶ ሽረ ላይ ነጥብ ጣለ፤ መቐለ 70 እንደርታ በአንዲት ነጥብ በልጦ ዋንጫውን ወሰደ። በ2012 ኮቪድ ውድድሩን አሰረዘው። በ2013 ፋሲል ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ አነሳ። ጎንደር ግን ያን ዓመት አንድም የሊግ ጨዋታ አላየችም፤ ኳሱ ከአዲስ አበባ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ እየዞረ አለቀ። ዳሱ ሰው ቤት የተጣለ ሠርግ ማለት ይሄ ነው።

ለመካነ ሰላም ደጋፊ ነገሩ ብርቅ አይደለም። ቦረና ላይ ሆኖ አንዱ ፋሲልን፣ ሌላው የጣና ሞገዶቹን፣ ሌላው ጊዮርጊስን ይዞ ሲሟገት ድሮም ዓይኑ ቴሌቪዥን ላይ ነው። ሜዳ ያለው ከተማ ግን እንደ እሱ በሩቅ ተመልካች መሆን የለበትም።

ወረርሽኙ ምክንያት ነበር፤ የስታዲየም ጠብም እውነት ነው። መፍትሔው ግን ጠበኛውን መቅጣት እንጂ ደጋፊውን በሙሉ ከሜዳው መለየት አይደለም። ድንጋይ እስካላነሳ ድረስ ብሽሽቅ የኳስ ጨው ነው።