ቁልፉን መጫን ቀላል ነው፤ ማየቱስ?



በተቋማችን ውስጥ ዘንድሮ የፎቶግራፍ ፍቅር ያልያዘው እጩ መምህር ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለኝም። ከመመገቢያ አዳራሹ ደጃፍ እስከ ኳስ ሜዳው ድረስ ስልክ ያልተደገነበት ቦታ የለም። ይህን የምጽፈው ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔም ከጀማሪዎቹ አንዱ ነኝና። ነገር ግን ጀማሪዎች የሆንን ሁሉ አንድ ጥያቄ ለራሳችን ማቅረብ ይገባናል። ይኸውም «ብዙ ማንሳት ፎቶግራፍ መማር ነውን?» የሚል ነው። በበኩሌ አይደለም እላለሁ።

ወላጆቻችን ወጣት በነበሩበት ዘመን ፎቶ ማንሳት ወጪ ነበረው። አንድ ጥቅል ፊልም የሚበቃው ለ24 ወይም ለ36 ፎቶ ነው። ፊልሙ ይገዛል፤ ሲያልቅ ፎቶ ቤት ይታጠባል፤ ከዚያም ይታተማል። በዚህ የተነሳ ፎቶ አንሺው ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ደጋግሞ ያይ ነበር። «ትንሽ ወደ ቀኝ! አገጭህን ቀና!» ይባል የነበረው ለቀልድ አልነበረም።

በ1975 እ.ኤ.አ. ስቲቨን ሳሰን የተባለው የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ ያለ ፊልም የሚሠራ ዲጂታል ካሜራ ሲሠራ፣ መሣሪያው 3.6 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። አንዲት ጥቁርና ነጭ ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ምስሏም ከ10,000 ነጥቦች ብቻ የተሠራች ነበረች። ዛሬ በኪሳችን ያለው ስልክ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነጥቦችን ዓይን ሳይርገበገብ ይይዛል። መሣሪያው ይህን ያህል ሲራመድ የእኛ ዓይን አብሮት ተራምዷል ወይ?

«ፎቶው ነፃ ከሆነ ለምን እቆጥባለሁ? ብዙ ካነሳሁ አንዱ ይሳካልኛል» የሚሉ ጓደኞች አሉ። በአንድ በኩል እውነት አላቸው። የዲጂታል ካሜራ ትልቁ በጎነት ውጤቱን እዚያው ማሳየቱ ነው። ጀማሪው ጉድለቱን ወዲያው አይቶ ሊያርም ይችላል። ግን ያያል ወይ? 200 ፎቶ አንስቶ አንዱንም መልሶ የማያይ ሰው፣ 200 ደብተር ሰብስቦ አንዱንም የማያርም መምህርን ይመስላል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ ነው።

ታዲያ ምን እንይ? በመጀመሪያ ብርሃንን። ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ራሱ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን በብርሃን መጻፍ ማለት ነው። የአገራችን የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ሆና ስለምትወርድ የሰው ዓይን ጉድጓድ በጥላ ይሞላል። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ እንዲሁም ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት ግን ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ ፊት ይለሰልሳል። ቀትር ላይ ማንሳት ግድ ከሆነ ሰውየውን ዛፍ ጥላ ሥር ወይም መስኮት አጠገብ ማቆም ነው።

ሁለተኛ፣ ካሜራው ራሱ እንዴት እንደሚያይ እንወቅ። ካሜራ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ድምቀት ሊያደርገው ይሞክራል። ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት ፊት ሲደገን «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ሁሉን ያጨልማል፤ ነጠላው ያድፋል፣ ፊታቸውም ይጠፋል። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ሲደገን ደግሞ «ጨለመ» ብሎ ሁሉን ያነጣል፤ ሰሌዳው ግራጫ ይሆናል፣ የጠመኔው ጽሑፍም ይደበዝዛል። በብዙ ስልኮች ላይ ፊቱን በጣት ነክቶ ብርሃኑን ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይቻላል። በፊልም ዘመን ብዙ ፎቶ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉት የነጭ ሴት ፎቶ ባለበት መመዘኛ ካርድ እንደነበር ስናስታውስ፣ «ፊቴ ፎቶ ላይ አያምርም» የሚለው ሰው በከንቱ ራሱን እንደሚወቅስ እንረዳለን። ጥፋቱ የፊቱ አይደለም እኮ!

ሦስተኛውና በበኩሌ ዋነኛው ጉዳይ የምናነሳው ሰው ነው። ነገ ለማስተማር ልምምድ፣ ከነገ ወዲያም ለሥራ ወደ ትምህርት ቤቶች እንወጣለን። ጓደኛዬን ላነሳው ብል «አልፈልግም» ሊለኝ ይችላል። የ8 ዓመት ልጅ ግን መምህሩን እንዴት አድርጎ እንቢ ይላል? በባዶ እግሩ የቆመውን፣ ጉልበቱ የተቀደደውን፣ ጥያቄ ተጠይቆ ያፈጠጠውን ልጅ አንስቶ ለሰው ማሰራጨት ለእኛ የአንድ ቀን ሳቅ ነው፤ ያ ፎቶ ግን ልጁ ካደገም በኋላ ሊከተለው ይችላል። ስለዚህ ልጁም ወላጁም ይጠየቁ፤ ለምን እንደሚነሳና ማን እንደሚያየው ይነገራቸው። ካመነቱ ስልኩ ወደ ኪስ ይመለስ። ክብሩን ያልጠበቅንለት ልጅ ትምህርታችንን በምን ልቡ ይቀበላል?

«እንግዲያው ምን እናንሳ?» ትሉ ይሆናል። ለመምህር የሚነሳ ነገር ሞልቷል! በብርጭቆ ውስጥ የተተከለችን የባቄላ ፍሬ ለ10 ቀን፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ቦታ ብናነሳት ተማሪው በአንድ ክፍለ ጊዜ ዕድገቷን ሊያይ የሚችልበት የትምህርት መርጃ መሣሪያ ተገኘ ማለት ነው። በክረምትና በበጋ የተነሳ አንድ ወንዝ የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት ነው። የሸክላ ሠሪ እጅ፣ የሽመና ዕቃ፣ በጎርፍ የተሸረሸረ ማሳ፣ ሁሉም ያስተምራሉ።

ትልቅ ካሜራ እስኪገዛ መጠበቅም አያስፈልግም። ስልክ የሌለው ጓደኛ ካርቶን መሃሉን አራት ማዕዘን አድርጎ ይቅደድና በዚያ ቀዳዳ ዙሪያውን ይመልከት። ምን ልግባ፣ ምን ልተው ብሎ መምረጥን ያን ጊዜ ይማራል። ስልክ ያለው ደግሞ በቀን ከ10 ፎቶ በላይ አላነሳም ብሎ ለራሱ ይወስን፤ ማታ አንዱን ይምረጥ፤ ለምን እንደመረጠውም ለመኝታ ክፍል ጓደኛው ያስረዳ። ከማስተማር ልምምድ በኋላ «የትምህርቱ ዓላማ ምን ነበር?» ተብለን እንደምንጠየቀው ሁሉ፣ ፎቶውም ዓላማው ይጠየቅ።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ከዚህ ጋዜጣ አጠገብ ባለው ባዶ ቦታ በየሳምንቱ አንድ ፎቶ ብቻ ይለጠፍ። ከሥሩም አንሺው ምን እንዳየና ለምን እንዳነሳ በሁለት መስመር ይጻፍ፤ ሰው ያለበት ከሆነም ፈቃዱ መጠየቁ ይገለጽ። መምህራኖቻችን ይተቹን፤ እኛም እንተራረም። የማይስማማ ካለ ሐሳቡን ጽፎ ያምጣ፤ ግድግዳው ለሁላችንም ይበቃል።